የጻፈ እና ያጻፈ

(በወጣት ጸሐፍት የንባብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ባለፈው ዓመት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የአንድ የግጥም ውድድር ዳኛ ነበርኩ። ስማቸው የተሸፈነ ግጥሞችን ስናነብ ከርመን ሦስታችንም አንዱ ላይ ቆምን። ስለ እናት የተጻፈ ነው። እናት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትዳምጣለች፣ ባዘቶውን ጠቅልላ ሙዳይ ውስጥ ታኖራለች፣ ልጅቷ እንቅልፍ እስኪወስዳት የእንዝርቱን ድምፅ ትሰማለች። ደስ ብሎን እያነበብን ሦስተኛው አንጓ ላይ ስንደርስ እናትየዋ «በእንዝርቷ ጨርቅ ትሸምናለች» ይላል። ከባልደረቦቼ አንደኛዋ፣ እናታቸው ጥጥ ፈትለው ያሳደጓቸው ሴት፣ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «በእንዝርት ክር ይፈተላል እንጂ ጨርቅ አይሸመንም። ፈታይዋ ሌላ፣ ሸማኔው ሌላ። ባዘቶን የምታውቅ ልጅ ይህን እንዴት ትስተዋለች?» አሉ።

ለመጨረሻው ዙር ያለፉትን ስንጠራ ልጅቷን ግጥሟን እንዴት እንደጻፈች ጠየቅናት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ዳርና ዳሩ የእኔ ነው፤ መሃሉ አልመጣ ሲለኝ ስልኬን ጠየቅሁት» አለችና አለቀሰች።

ልቅሶዋ ከረመብኝ። እኛ በውድድሩ ማስታወቂያ ላይ የስንኙን ብዛት፣ የወረቀቱን መጠን፣ የማስረከቢያውን ቀን ዘርዝረን ስንጽፍ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንዲት ቃል አላሰፈርንም። አልጠየቅናትም፤ አልነገረችንም። ያለቀሰችው ወንጀል የሠራች መስሏት ነው። እኔ ደግሞ የማዝነው የሠራችውን የምትጠራበት ቃል ስላልሰጠናት ነው። ቃሉ ግን አለን። ዛሬ የመጣሁትም ስለዚህ ቃል ልነግራችሁ ነው።

የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ምርቃት አለ፤ «ለዘጸሐፎ፣ ወለዘአጽሐፎ፣ ወለዘአንበቦ፣ ወለዘተርጐሞ፣ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ» ይላል። ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመው፣ ቃሉን ለሰማው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እዩልኝ። የጻፈና ያጻፈ። በአማርኛ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ የ እና ያ። ያጻፈው ሰው ብራናውን የገዛ፣ ቀለቡን የሰፈረ፣ መጽሐፉ እንዲኖር የፈለገ ነው። ንጉሥ ሊሆን ይችላል፣ የአገር ባላባት ሊሆን ይችላል። ስሙ በክብር ይጻፋል፣ ይጸለይለታል። ከጸሐፊው ጋር ግን አይቀላቀልም። ሁለቱም በየስማቸው ይጠራሉ፤ ያጻፈ ሁሉ ጻፍኩ ቢል ኖሮ ምርቃቱ ትርጉም ባጣ ነበር።

ማሽን ግጥም እንዲሰጠው የጠየቀ ሰውም አጻፈ። ነውር አይደለም። ነገር ግን «ጻፍኩ» ካለ ፊደሏን ለውጧታል።

ካሴት የምታስታውሱ ሰዎች በዚህ አዳራሽ አትጠፉም። አዲስ ካሴት ገዝተን ቤት ስንገባ ከሙዚቃው በፊት ሽፋኑን አውጥተን እናነብ ነበር። ግጥም፣ የእገሌ። ዜማ፣ የእገሌ። ቅንብር፣ የእገሌ። አንዳንዱ ዘፈን ትይዩ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል። ዘፋኙ ዜማውን አለመሥራቱ ከፍቅራችን ምን ቀነሰበት? ምንም አልቀነሰበትም። ድምፁ የእሱ ነውና ለድምፁ ወደድነው። እኔ የብዙ ገጣሚዎችን ስም የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእነዚያ ትንንሽ ወረቀቶች ነው። አንድ ሥራ በብዙ እጅ ሲያልፍ እያንዳንዱን እጅ በስሙ መጥራት ለእኛ አዲስ ሕግ አይደለም።

በመጽሐፍና በቲያትርም እንዲሁ ነው። ደራሲ፣ ተርጓሚ፣ አዘጋጅ እንላለን። በደራሲና በተርጓሚ መካከል ደግሞ «ውርስ ትርጉም» የሚል የማደንቀው ስያሜ አለን። የባሕር ማዶ ተውኔት ወስዶ ሰዎቹን ከእኛ ሰፈር ያደረገ፣ ማዕዳቸውን እንጀራ፣ ስድባቸውንና ምርቃታቸውን የእኛ ያደረገ ጸሐፊ ራሱን ደራሲ ቢል የሌላውን ሰው ልፋት ይወስዳል፤ ተርጓሚ ብቻ ቢል የራሱን ልፋት ይጥላል። ስለዚህ ቀደምቶቻችን መካከለኛ ስም አበጁና ፖስተሩ ላይ ጻፉት። ሕዝቡም ያንን አንብቦ ቲያትር ቤቱን ሞላው። ከማሽን ጋር ተከራክሮ፣ አሥሩን ጥሎ አንዱን ይዞ፣ ያንንም አፍርሶ እንደገና የሠራ ሰው የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ መካከለኛ ስም ነው። «በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጋዥነት» የሚል ሐረግ አንዳንድ ቦታ አያለሁ። ለእኔ በጣም ልቅ ነው። ምኑን አገዘ? ርእሱን ሰጠ ወይስ ሙሉውን ምዕራፍ? ካሴቱ «ሙዚቃ፦ በጋራ» ብሎ አላለፈም፤ ግጥምና ዜማን ለየ።

እንዴት እንደሚነገር ያስተማሩኝ የባሕር ማዶ ታሪኮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ዓመታዊ ትርኢት ላይ ጄሰን አለን የተባለ ሰው በዲጂታል ሥዕል ዘርፍ አንደኛ ወጣ፤ ሽልማቱ 300 ዶላር ነበር። ሥዕሉ የተሠራው ሚድጀርኒ በተባለው ማሽን ነው። አለን ሲያስገባ ከስሙ ቀጥሎ «በሚድጀርኒ አማካይነት» የሚል ጽፏል። አልደበቀም ማለት ነው። ሆኖም ዳኞቹ ሚድጀርኒ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ቢያውቁም ሽልማቱን እንሰጠው ነበር ብለዋል፤ ይሁን እንጂ ነገሩ በተሰማ ጊዜ የተነሣው ቁጣ ከባድ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ የሰውየውን እውነተኝነት አልጠረጠርኩም። ሰሚው በማያውቀው ቃል የተነገረ እውነት ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። እናንተም «በእንዲህ ያለ ሞዴል» ብላችሁ የማሽኑን ስም ብቻ ብትጽፉ ደብረ ብርሃን ያለች አንባቢ ምን ትረዳለች? «ሥዕሉን የሠራው ማሽን ነው፤ እኔ ትእዛዙን ጻፍኩ፣ ከወጡት መረጥኩ፣ ቀለሙን አስተካከልኩ» ብትሏት ይገባታል። ሰውየው 624 ጊዜ ያህል ትእዛዝ እየለዋወጠ እንደ ደከመ ተናግሯል፤ የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት ግን በ2023 ምዝገባውን ነፍጎታል። ከማሽኑ የወጣውን ክፍል ለይቶ ከይገባኛል ጥያቄው እንዲያወጣ ተጠይቆ ፈቃደኛ አልነበረም።

በበርሊን የሚኖረው ፎቶግራፍ አንሺ ቦሪስ ኤልዳግሰን ሌላ መንገድ ሄደ። በ2023 በሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ውድድር በአንድ ዘርፍ ሲያሸንፍ መድረክ ላይ ወጥቶ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። ምስሉ በማሽን የተሠራ ነው፣ ያስገባሁትም ውድድሮች ለዚህ ተዘጋጅተው እንደሆነ ለመፈተን ነው አለ። ብዙዎች አጨበጨቡለት። እኔ ሙሉ በሙሉ አላጨበጭብም። በዚያ ውድድር ላይ ካሜራ ተሸክመው ተራራ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ፈተናው ሲካሄድ ማንም አላስፈቀዳቸውም። ቢሆንም ያነሣው ጥያቄ ትክክል ነው፤ ፎቶግራፍ ብርሃን ይጠይቃል፣ አንድ ቦታ መገኘትን ይጠይቃል፣ ማሽኑ የሠራው ሌላ ነገር ስለሆነ ሌላ ስም ይፈልጋል።

የጃፓኗ ደራሲ ሪዬ ኩዳን ታሪክ ለእኛ ለጸሐፍት ይበልጥ ይቀርባል። በጥር 2024 የአኩታጋዋን ሽልማት አገኘች። በአገሯ ለወጣት ደራስያን ከዚህ የሚበልጥ ክብር ጥቂት ነው። ከሽልማቱ በኋላ ከልቦለዷ አምስት በመቶ ያህሉ ቃል በቃል ከቻት ጂፒቲ የተወሰደ ነው ብላ ተናገረች። ወሬው በዓለም ዞረ። «ልቦለድ በማሽን ተጽፎ ተሸለመ» ያሉም ነበሩ። ቆየት ብላ ነገሩን ስታብራራ በልቦለዱ ውስጥ ገጸ ባሕሪዋ ማሽንን የምትጠይቅበት ቦታ እንዳለና የማሽኑ መልስ የተወሰደው ከማሽን መሆኑን ተናገረች። አስቡት። ማሽኑ እንደ ማሽን እንዲናገር ያደረገች ደራሲ ናት። በልቦለድ ውስጥ ጋዜጣ ስናስነብብ የጋዜጣ ቋንቋ እንደምንጠቀም ነው። እኔ እሷን ከማጭበርበር ፈጽሞ አልቆጥራትም። ነገር ግን ያ አንድ ዐረፍተ ነገር በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀድሞ ቢታተም ኖሮ የተነሣው አቧራ ግማሹ ባልተነሣ ነበር እላለሁ። እውነት በገጹ ላይ ቢነገር ማስታወሻ ነው፤ ከሽልማት በኋላ ቢነገር ግን ሰው እንደ ኑዛዜ ይሰማዋል።

ቀድሞ መናገር ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ የእንግሊዙን የሙዚቃ ቡድን ቢትልስን ተመልከቱ። የቡድኑ አባል ፖል ማካርትኒ በ2023 አጋማሽ ላይ፣ አዲሱ ዘፈናቸው ከመውጣቱ ከወራት በፊት፣ የሞተውን ባልደረባውን የጆን ሌነንን ድምፅ ከአሮጌ የቤት ካሴት ላይ ለመለየት ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀማቸውን ተናገረ። ሰዉ መጀመሪያ ደነገጠ፤ የሞተ ሰው ድምፅ ፈጠሩ ብሎ። ከዚያ ተብራራ። ድምፁ የራሱ የሌነን ነው፣ ማሽኑ ከፒያኖውና ከካሴቱ ጩኸት ለየው እንጂ አልፈጠረውም። ዘፈኑ በኅዳር ሲወጣ ሰዎች የሚሰሙት ምን እንደሆነ እያወቁ ሰሙት።

«ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ፣ በእርግጠኝነት የሚለይ ፕሮግራም አለ አይደል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የለም። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጥር 2023 የማሽን ጽሑፍ መለያ አውጥቶ ነበር። ድርጅቱ ራሱ እንዳስታወቀው በሙከራው ላይ በማሽን ከተጻፉት መካከል በትክክል የያዘው 26 በመቶውን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዘጋው። የሠሪው መለያ በእንግሊዝኛ ይህን ያህል ከደከመ አማርኛ ላይ ምን ሊሆን ነው?

እኔም ራሴ መለያ ሆኜ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ረቂቅ ሳርም «በቀኑ መጨረሻ» የሚል ሳገኝ፣ ወሬው ሁሉ በሦስት በሦስት ሲደረደር፣ ገበሬው ልቡን «በተስፋ ብርሃን ሲሞላ» ስመለከት ይህ የማሽን ነው እል ነበር። አንድ ቀን አንድን ወጣት እንዲህ ብዬ ከሰስኩት። ረቂቁን በእጅ የጻፈበትን ደብተር፣ ስርዝ ድልዙን ሁሉ፣ ይዞልኝ መጣ። ልጁ እንግሊዝኛ እያነበበ ያደገ ስለሆነ አማርኛው እንዲያ ሆኗል። ደብተሩን ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ ወዲህ አልገምትም፤ እጠይቃለሁ። የምጠይቀውም ሥራውን ከማንበቤ በፊት፣ ሁሉንም፣ በአንድ ዓይነት ቃል ነው።

ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። እኔ ተርጓሚና አርታኢ ነኝ። አንድ አሳታሚ የልቦለድ ትርጉም እንዳርም ላከልኝ። ሽፋኑ ላይ የተርጓሚ ስም አለ። ማንበብ ስጀምር አንድ ሰው አማቱን በአንድ ገጽ «እርስዎ» ይላቸዋል፣ በሚቀጥለው «አንተ»፣ ከዚያ ተመልሶ «እርስዎ»። ጠብ ተነሥቶ ይሆናል ብዬ ወደ ኋላ ተመልሼ አነበብኩ። ጠብ የለም። ምዕራፍ ሁለት ላይ ሴት የነበረች ሐኪም ምዕራፍ አምስት ላይ ወንድ ሆናለች። እንግሊዝኛው «ዩ» ሲል አንተና እርስዎን አይለይም፤ ሐኪም ሲልም ጾታ አይናገርም። ይህን የሚለየው ሰዎቹን የሚያውቅ ተርጓሚ ነው። አማት ፊት ሲቆም ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ ተርጓሚ። ለአሳታሚው ስደውል «መጀመሪያ በማሽን ነው የወጣው፤ ስሙ ያለው ሰው አየት አድርጎታል» አለኝ።

የማዝነው ለእኔ ሥራ መብዛት አይደለም። ይህን ቀድሞ ቢነግሩኝ ኖሮ የማየው ሌላ ነገር ነበር። የሰው ትርጉም ስታርም የምትፈልገው ሰው የሚስተውን ነው፦ የተዘለለ መስመር፣ የድካም ስሕተት። የማሽን ትርጉም ግን በማይጠበቅበት ቦታ፣ በለሰለሰ ቋንቋ ይስታል። በየዐረፍተ ነገሩ ከዋናው ጋር ማስተያየት ይጠይቃል፤ ጊዜውም ዋጋውም ሌላ ነው። እውነቱ ለአንባቢ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፤ ከጎን ለሚሠራው ሰውም ነው። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፍት በ2023 ለ148 ቀናት ሥራ አቁመው ከተስማሙባቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር፦ ኩባንያው ለጸሐፊ የሚሰጠው ጽሑፍ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ከሆነ የመናገር ግዴታ አለበት። በአገራችን ያሉ አሳታሚዎች ይህን ለማድረግ አድማ መጠበቅ የለባቸውም። አማዞን በዚያው ዓመት መስከረም ላይ መጽሐፍ የሚጭኑበት ሰዎች በማሽን የተሠራ ይዘት ካለ እንዲያስታውቁት መጠየቅ ጀመረ፤ መልሱ ግን ለድርጅቱ ነው የሚደርሰው፣ የገዢው ገጽ ላይ አይወጣም። ይህ ለእኔ ካሴቱን ያለ ሽፋን መሸጥ ነው።

ዝምታው የሚጎዳው ማንን እንደሆነም አይቻለሁ። በየካቲት 2023 ክላርክስወርልድ የተባለው የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልቦለድ መጽሔት በማሽን የተጻፉ ታሪኮች ስለጎረፉበት ለጊዜው ሥራ መቀበል አቆመ። አዘጋጁ ኒል ክላርክ በዚያ ወር ብቻ ከ500 በላይ እንዳገኘ ተናግሯል። በር ሲዘጋ የታወቀው ደራሲ ሌላ በር ያውቃል። የተዘጋበት የመጀመሪያ ታሪኩን የላከው ነው፤ ማለት እናንተ ናችሁ።

ምን ይነገር፣ ምን ይቅር የሚለው ያከራክራል። ፊደል ግድፈት ያረመልኝን ፕሮግራም አልናገርም፤ መዝገበ ቃላት መግለጤንም አልናገርም። አንባቢ ያነበበው ቃል፣ ያየው መስመር፣ የሰማው ድምፅ ከማሽን ከመጣ ግን ይነገር። ሐሳቡ ከማሽን መጥቶ ቃሉ የእኔ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር አልተስማማንም። እኔ ይነገር እላለሁ፤ ከሰው ባገኘው ኖሮ በምስጋናው ገጽ አመሰግነው ስለነበር።

ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ማሽን ተጠቅሜያለሁ። ስለ ውድድሮችና ስለ ሽልማቶች ጠይቄው ዝርዝር ሰጥቶኛል፤ ማረጋገጥ ያልቻልኩትን ጥዬ ነው የመጣሁት።

አሁን ለሚማሩት ልናገር። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። የኔታ አገባቡን ያርማሉ፣ ግሱን ያርማሉ፣ ሰሙና ወርቁ ካልገጠመ ያፈርሱታል። መማሪያው ያ ማፍረስ ነው። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ የኔታ ሲያርሙ የሚታረመው እሱ አይደለም፤ የታረመው ሰው እዚያ የለም። ከውድድሩ በኋላ ለልጅቷ የነገርኳት ይህንን ነበር። «መሃሉ አልመጣልኝም» ያለችበት ቦታ እኛ ልንረዳት የምንችልበት ቦታ ነበር። ባዶውን ትታ ብትልከው ኖሮ እናትሽ ፈትላ ስትጨርስ ድውሩን ምን ታደርገዋለች ብለን እንጠይቃት ነበር።

ሽልማቱን በዚያ ግጥም አልሰጠናትም። አላሳፈርናትም፤ ስሟንም ለማንም አላወራንም። ዛሬ የማወራው እሷ ራሷ ፈቅዳልኝ ነው። የዘንድሮው ማስታወቂያ ከስንኝ ብዛት ቀጥሎ አንድ መስመር አለው፦ «በማሽን የተሠራ ክፍል ካለ የቱ እንደሆነ ይጻፍ፤ መጻፉ ከውድድር አያስወጣም።» ሁለተኛውን ሐረግ ለማስገባት ሁለት ስብሰባ ፈጅቶብናል። ያለ እሱ የመጀመሪያውን ማንም እውነት ብሎ አይሞላውም ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ልጅቷ እንዲህ ባለ ምሽት ላይ አዲስ ግጥም ልታነብ ወጣች። ከመጀመሯ በፊት «ሁለት ስንኞች ከማሽን ያገኘኋቸው ናቸው፤ ስደርስባቸው እጄን አነሣለሁ» አለች። አነበበች። እጇን አነሣች። ስትጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ እነዚያን ሁለቱን እስቲ ድገሚልን» አሏት። ደገመች። አንዱ ይቆዩ አለ፣ ሌላዋ ያውጧቸው አለች፣ አንድ ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ የራሱን ምትክ ስንኝ አነበበ፣ እሷ ብዕሯን አውጥታ ወረቀቷ ላይ መጻፍ ጀመረች። የአዳራሹ ጥበቃ መብራት ሊያጠፋ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር።